ናይሮቢ ውስጥ የቅኝ ግዛት ዘመን ቱር ወሰድን፣ ገዢው ለካ እኛም ጋ ነበረ

ናይሮቢ ለምትኖሩም ለእረፍት ብቅ ለምትሉም ሀበሾች ይጠቅማል ብዬ ነው ምጽፈው። ከአዲስ አበባ ዘመዶች መጥተውብኝ ነበር፣ ቀጭኔ ብቻ አይተው ከሚመለሱ ብዬ የከተማውን የቅኝ ግዛት ዘመን ታሪክ የሚያስጎበኝ የግማሽ ቀን ቱር ያዝኩላቸው። እንዲህ አይነት ቱር የሚሰሩ ብዙ ስለሆኑ የድርጅቱን ስም አልጠራም። ለቸኮለ ሰው ባጭሩ ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ፣ መኪናው አሪፍ፣ ጋይዱ አፉ የሚጣፍጥ ልጅ፣ ታሪኩ ግን መሃሉ ላይ አንድ ዓመት ጎድሎታል፣ እና የጎደለው ዓመት የኛው ነው። ለዛም ነው ሪቪው ልጽፍ ብዬ እንዲህ የረዘመብኝ።

ዋጋው በሰው 4,500 ሽልንግ ነው፣ መኪና፣ ውሃና ጋይድ ጨምሮ፣ የመግቢያ ክፍያ ግን ለብቻው ነው። በዋትሳፕ ነው ምትይዙት፣ ግማሹን ቀድማችሁ በኤምፔሳ ትልካላችሁ፣ የቀረውን ሲያልቅ። ሰዓት ያከብራሉ፣ ይሄን ሳልል አላልፍም፣ ሁለት ሰዓት ብለውን ሁለት ሰዓት ከሩብ ሳይሞላ ሃርሊንግሃም በር ላይ ነበሩ፣ በናይሮቢ የጠዋት ትራፊክ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

የቱሩ ሃሳብ ደስ ይላል፣ ህንጻ በህንጻ ከመዞር በአንድ ሰውዬ ሕይወት ዙሪያ ነው የሰሩት። ሰር ፊሊፕ ሚቸል ይባላል፣ ከ1944 መጨረሻ እስከ 1952 አጋማሽ ኬንያን የገዛው እንግሊዛዊ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ በኛ ስጽፍ እናገራለሁ።) ለምን እሱን መረጣችሁ ብዬ ስጠይቀው ጋይዱ ያለኝ ማው ማው፣ ማለት በእንግሊዝ ላይ የተነሳው የኬንያውያን አመጽ፣ ሊፈነዳ ሲል ወንበሩ ላይ የነበረው እሱ ስለሆነ ነው፣ ሁሉ ነገር የተቋጠረው በሱ ጊዜ ነው አለ። ልክ ነው፣ ጥሩ ምርጫ ነው። ከሱ በፊትም በኋላም የነበሩትን ገዢዎች ስም ብቻ እየጠራ ያልፋቸዋል፣ እኔም ብዙ አልጎደለብኝም።

መጀመሪያ ያቆሙን ኬንያታ አቬኑ ላይ ያለው የሦስቱ የነሐስ ሰዎች ሐውልት ጋ ነው። ስንት ጊዜ በማታቱ አልፌዋለሁ፣ አንድ ቀን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለእንግሊዝ የተዋጉና ሸክም የተሸከሙ አፍሪካውያን መታሰቢያ ነው፣ ተሸካሚዎቹ በጥይት ሳይሆን በበሽታና በድካም በአስር ሺዎች ነው ያለቁት፣ ካሪያኮር የሚባለው ሰፈርም ስሙ ከነሱ ነው የመጣው። ጋይዱ ሚቸልን ከዚህ ይጀምረዋል ምክንያቱም ሰውዬውም በዛ ጦርነት ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ በሚባለው ጦር ውስጥ መኮንን ነበር። በ1890 እንግሊዝ ተወልዶ ስፔን ነው ያደገው፣ በ1912 የቅኝ ግዛት መስሪያ ቤት ተቀጥሮ ኒያሳላንድ ገባ፣ ያሁኗ ማላዊ ማለት ነው፣ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ከጀርመን ወደተነጠቀችው ታንጋኒካ፣ ያሁኗ ታንዛኒያ ዋናው ክፍል፣ ተዛወረ። ከታች ጀምሮ የወጣ ሰው ነው፣ ከለንደን ተሹሞ የተላከ ጌታ ምናምን አይደለም። ይሄን ጋይዱ ጥሩ አድርጎ ነው ያስረዳን።

ከዛ በስቴት ሃውስ መንገድ ነዱን። የድሮው የገዢው ቤት ዛሬ የፕሬዚዳንቱ ነው፣ መቆምም ፎቶም አይቻልም፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ ይሏችኋል፣ ስሟቸው። እያለፍን መኪና ውስጥ ታንጋኒካና ኡጋንዳን ነገረን። ታንጋኒካ ላይ ዶናልድ ካሜሮን የሚባል ገዢ ነበር፣ ቀጥታ ከመግዛት በአካባቢው አለቆች በኩል ማዘዝ የሚለውን አሰራር ያመጣው፣ ሚቸል የሱ ቀኝ እጅ ሆኖ በ1928 የአገሬው ጉዳይ ጸሐፊ ሆነ። በ1935 ኡጋንዳ ላይ ገዢ ተደረገ። እዛ የሚያስመሰግነው ስራ ማኬሬሬን ከሙያ ትምህርት ቤትነት ወደ ከፍተኛ ኮሌጅ ለማሳደግ መግፋቱ ነው፣ በ1937 ሎርድ ደ ላ ዋር የሚባል ሰው የሚመራው ኮሚሽን መጥቶ አጥንቶ መንገዱን ከፈተ። ደ ላ ዋር የሚለውን ስም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከዚህ በኋላ ነው ጋይዱ እንዲህ ያለው፣ «ከዛ ጦርነት መጣ፣ ሚቸል ለጦሩ አማካሪ ሆነ፣ ከዛ ፊጂ ተላከ፣ ከዛ ወደኛ መጣ።» በቃ። አንድ ትንፋሽ።

ከኋላ የተቀመጡት አጎቴ እንግሊዝኛ ብዙ ባይናገሩም ስም ሲጠራ ይሰማሉ። «አንቺ፣ ጠይቂው እስቲ፣ ይሄ ሰውዬ በ33 የት ነበር?» አሉኝ፣ በኛ ማለታቸው ነው። ጠየቅኩት። በአካባቢው የፖለቲካ አማካሪ ነበር አለኝ። ተረጎምኩላቸው። «አማካሪ! የኛን አማካሪ ነው እንዴ ሚለው? አይ አማካሪ!» ብለው ሳቁ፣ መኪናው ውስጥ ያለን ሁላችን ሳቅን፣ ጋይዱ ብቻ ነው ያልገባው።

እንግዲህ ጋይዱ የዘለለውን እኔ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄ ሳይገባ ኬንያ ላይ ያደረገውም አይገባም። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 በኛ አዲስ አበባ ሲገቡ ሚቸል እንግሊዝ ከጣሊያን ያስለቀቀቻቸውን አገሮች የሚያስተዳድረው ወታደራዊ መስሪያ ቤት ዋና የፖለቲካ ሹም ነበር። የመስሪያ ቤቱ ስም ራሱ ነገሩን ይናገራል፣ «የተያዘ የጠላት ግዛት አስተዳደር»፣ ማለት ኢትዮጵያ በነሱ መዝገብ ላይ ከጠላት የተያዘ መሬት ናት። ለንደን ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኤደን በየካቲት መጀመሪያ 1941 ነጻ ኢትዮጵያ ብትመለስ ደስ ይለናል፣ መሬት አንፈልግም ብሎ ፓርላማ ውስጥ ተናግሯል፣ መሬት ላይ ያሉት ሹሞች ደግሞ ሌላ ቋንቋ ነው ሚያወሩት። ጃንሆይ በገቡ ሳምንት ሳይሞላ ግንቦት 3 ሚኒስትሮች ሾሙ። የሚቸል ምክትል ብርጋዴር ሞሪስ ለሽ ሰምቶ ምን አለ፣ ከጣሊያን ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ንጉሡ ሥልጣናቸውን በሙሉ ሊይዙ አይችሉም። ገና አምስት ዓመት ስደት ቆይቶ የተመለሰን ንጉሥ፣ በራሱ ከተማ፣ በራሱ ቤት!

ከዛ ወራት ፈጀ ድርድሩ። በመጨረሻ ጥር 23 ቀን 1934 በኛ፣ ጃንዋሪ 31 ቀን 1942 መሆኑ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ውሉ ተፈረመ፣ በኛ በኩል ጃንሆይ፣ በእንግሊዝ በኩል ይሄው ሚቸል። ውሉ ኢትዮጵያ ነጻ አገር ናት ይላል። ቀጥሎ ያለውን ስታነቡት ግን ነጻነቱ ከነማሰሪያው ነው። የእንግሊዙ ሚኒስትር ከሌሎች አገር ዲፕሎማቶች በላይ ነው ሚቀመጠው። አማካሪዎችና ዳኞች ከእንግሊዝ። የሌላ አገር አውሮፕላን ያለነሱ ፈቃድ አይገባም። የባቡር ሃዲዱ፣ ኦጋዴን፣ ሐውድ በእንግሊዝ ጦር እጅ ይቆያሉ። ገንዘቡም አለ፣ በመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በሁለተኛው አንድ ሚሊዮን፣ ውሉ ከቀጠለ ደግሞ 500,000 ከዛ 250,000። በየዓመቱ እየቀነሰ የሚሄድ ድጎማ ነው፣ መንግሥት ከዜሮ ለሚጀምር አገር ደግሞ እምቢ ማለት ከባድ ነው።

ውሉ ሁለት ዓመት ከምናምን ነው የቆየው። በ1944 ጃንሆይ አዲስ ውል እንፈልጋለን አሉ፣ ከለንደን አንድ ልዑክ መጣ፣ ዲሴምበር 19 ላይ ከመኮንን እንዳልካቸው ጋር ፈረመ፣ ሃዲዱ ተመለሰ፣ የእንግሊዙ ሚኒስትር ቀዳሚነት ቀረ። የልዑኩ መሪ ማን ነበር? ሎርድ ደ ላ ዋር። ሚቸል ኡጋንዳ ላይ ለማኬሬሬ የተቀበለው ሰውዬ መጥቶ የሚቸልን ውል ቀደደለት ማለት ነው። ይሄን ለጋይዱ ስነግረው ቆሞ ሳቀ፣ የሱን ቱር ሊያሳምርለት የሚችል ታሪክ ነው፣ በነጻ ነው የሰጠሁት። (ኦጋዴን በ1948፣ ሐውድ ደግሞ በ1954 በተፈረመ ውል ነው ሙሉ በሙሉ የተመለሰው፣ አጎቴ ይሄም ይጻፍ ስላሉ ነው።)

ሚቸል ራሱ የራሱን ውል ከፈረመ በኋላ ፊጂ ላይ ገዢ ሆኖ ሄዷል። ከጃፓን ጋር ጦርነቱ በተፋፋመበት በ1942 ነው የተላከው፣ አካባቢው በአሜሪካ ጦር ተሞልቷል፣ እሱ ግን እዛም የታንጋኒካውን መንገድ ነው የያዘው፣ ራቱ ሱኩና የሚባለውን የፊጂ ባላባት የአገሬው ጉዳይ ኃላፊ አድርጎ ሾመና አስተዳደሩን በአለቆች በኩል አደራጀው። አያችሁት? ሰውዬው ከአገር አገር ሲዛወር ሻንጣው ውስጥ ሁሌም ያው አንድ ልብስ ነው ያለው። ከአለቃ ጋር ይስማማል፣ የተማረ ወጣት ወይም በራሱ የቆመ ንጉሥ ሲያጋጥመው ነው ግራ የሚገባው።

ወደ ቱሩ ልመለስ። ሦስተኛው ማቆሚያ ኡሁሩ ፓርክ ያለው የማው ማው መታሰቢያ ነው፣ ለኔ የቀኑ ምርጥ ይሄ ነበር። እንግሊዝ በ2013 ለ5,228 የማው ማው ጊዜ ተጎጂዎች 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ለመክፈል ስትስማማ ሐውልቱንም ለማሰራት ቃል ገባች፣ በ2015 ተመረቀ። አንዲት ሴት ለጫካ ተዋጊ ምግብ ስታቀብል ነው ሚያሳየው። ጠጋ ብላችሁ ፊታቸውን እዩ፣ አይተያዩም፣ እሷም ወደ ሌላ ታያለች እሱም ወደ ሌላ፣ ነገ ተይዘው ሲገረፉ ማን ነበር ቢባሉ አላየሁትም ማለት እንዲችሉ። ጋይዱ እዚህ ጋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ አያቱ መንደር ነገረን፣ አልደግመውም፣ የራሱ ነው፣ ግን ከፍላችሁ የምትሰሙት ይሄን ነው።

የኬንያን ክፍል በደንብ ነው የሚያውቀው። ሚቸል ሲመጣ የሕግ ምክር ቤቱ ውስጥ የነበረው አንድ አፍሪካዊ ብቻ ነው፣ ኤሊዩድ ማቱ። በ1948 አራት ደረሱ። ነጮቹ ሰፋሪዎች ለምለሙን ደጋ ይዘዋል፣ የኪኩዩ ሕዝብ ጠባብ ቦታ ላይ ተፋፍጓል ወይ ተጭኖ ሰፋሪው እርሻ ላይ በጉልበቱ ይኖራል። ኬንያታ በ1946 ከእንግሊዝ ተመልሶ ሚቸልን አገኘው፣ ምክር ቤት ልግባ ብሎ፣ ሚቸል የመለሰለት መጀመሪያ በአካባቢህ የአገሬው ምክር ቤት ተመረጥ የሚል ነው። አስቡት፣ አስራ ምናምን ዓመት አውሮፓ ኖሮ ተምሮ ለመጣ ሰው ከቀበሌ ጀምር እንደማለት ነው። በሱ ጊዜ ናይሮቢ በ1950 ከተማ ተባለች፣ በዛው ዓመት ትልቅ የሠራተኞች አድማ ሆነ፣ በዛው ዓመት ማው ማው ሕገወጥ ተብሎ ታገደ።

ደሞ ሚቸል የሚመጣውን ችግር አላየም የሚሉት ነገር ለኔ አይዋጥልኝም። በኖቬምበር 1951 ለለንደን ረጅም ደብዳቤ ጽፎ መሬቱና የሕዝቡ ቁጥር አልተመጣጠነም፣ ትልቅ ኮሚሽን ይቋቋም ብሏል፣ የምስራቅ አፍሪካ ሮያል ኮሚሽን የሚባለው ከዛ ነው የመጣው። መሬቱ እንደተጎዳ፣ አፈሩ እንደታጠበ አይቷል። ችግሩ ግን ለሱ የግብርና ችግር ነው፣ እርከን ይሰራ፣ ከብት ይቀነስ፣ እንጂ ሰዎቹ መሬታችን ተወሰደ እያሉ መሆኑን ከፖለቲከኞች ጩኸት ነው የቆጠረው። የውስጥ አፍሪካ ሰው ነጭ ከመምጣቱ በፊት መንኮራኩር የለውም፣ ፊደል የለውም፣ የቀን መቁጠሪያ የለውም፣ ገንዘብ የለውም እያለ ይጽፍ ነበር። ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ፊደልም ማረሻም ባሕረ ሐሳብም ባለው አገር ንጉሥ ፊት ቁጭ ብሎ ውል የፈረመ ሰው ነው እንግዲህ። የኬንያ ሰሜናዊ ድንበር ላይ ያለ አገር። ጋይዱ ይሄን አላነሳውም፣ ኢትዮጵያን ስለዘለላት ማንሳትም አይችልም ነበር።

አንድ ስህተት ደግሞ ላርም። ጋይዱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ያወጀው ሚቸል ነው ብሎናል፣ አይደለም። ሚቸል በጁን 1952 ጡረታ ወጣ፣ ሁሉ ሰላም ነው በሚል መንፈስ ነው የሄደው፣ አዋጁን ኦክቶበር 20 ያወጀው ተተኪው ኤቨሊን ባሪንግ ነው፣ ከመጣ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፣ የሰውዬው ሙሉ ታሪክ እኮ እዛች አራት ወር ውስጥ ነው ያለው። በዛው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ልዕልት ኤልሳቤጥ ኬንያን ስትጎበኝ ገዢው እሱ ነበር፣ ኒየሪ አካባቢ ትሪቶፕስ የሚባለው ዛፍ ላይ የተሰራ ማረፊያ አድራ ነው አባቷ የሞተው፣ ንግሥት ሆና ነው የተመለሰችው። ኒየሪ የማው ማው መሪ የደዳን ኪማቲ አገር ነው፣ በ1954 ማው ማው ያቺን ማረፊያ አቃጠላት። ሚቸል ያኔ ጡረተኛ ነው፣ እዛው ኬንያ ሱቡኪያ እርሻ ይዞ ነበር፣ በ1964 ጂብራልታር ነው የሞተው።

አራተኛው ማቆሚያ ሞይ አቬኑ ላይ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው፣ የድሮ ባንክ ቤት፣ መሬት ላይ ያለው አዳራሽ የኬንያ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው የጆሴፍ ሙሩምቢ ስብስብ ነው፣ የሚያምር ቅርጻ ቅርጽና ጌጥ አለ፣ ልጆች ይወዱታል። እዚህ የሰጡን ጊዜ አጭር ነበር፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠይቁ፣ እኛ አጎቴ ገና መነጽራቸውን ሳያወጡ እንሂድ ተባልን። ይሄ ነው ግማሽ ኮከብ የቀነሰብኝ። ሌላው አንዱ የተቀነሰው ለኢትዮጵያው ዓመትና ለአዋጁ ስህተት ነው።

መጨረሻው ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በር ነው። ከሚቸል ጋር ምን አገናኘው ካላችሁ ፓርኩ በ1946 በሱ ጊዜ ነው የተከፈተው፣ የኬንያ የመጀመሪያው ነው። መግባት ለምትፈልጉ ክፍያው በካሽ አይሆንም፣ በመንግሥት የኢሲቲዝን ሲስተም ነው፣ የነዋሪና የውጭ ሰው ዋጋ ስለሚለያይ መታወቂያ ወይ የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ያዙ። ምሳ አይጨምርም፣ ከከተማ ሳትወጡ ብሉ፣ እኛ ሳንበላ ሄደን አጎቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲያኮርፉብን ነበር።

ልውሰደው ወይ ካላችሁኝ ውሰዱት፣ በተለይ ለመታሰቢያው። የአማርኛ ጋይድ የላቸውም፣ ለትልልቅ ሰዎች ተርጓሚ እናንተው ናችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ያዙ፣ መሃል ከተማው ላይ መኪና ማቆም ይቀላል። ማታ ላይ ስለ 1941 እና 42ቱ አሳጥሬ በዋትሳፕ ጽፌ ላክሁላቸው፣ ማስረጃ የሚሆነውንም ጠቆምኳቸው፣ በጣም እናመሰግናለን ቱሩ ውስጥ እናስገባዋለን ብለው መለሱ፣ ለሚቀጥለው ቡድን ቅናሽ አለ ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ግን የለም አሉኝ።